በማይክሮስኮፕ የሴሎችን ጠቅላላ ብዛት መገመት፦ የኦፕቲካል ፍራክሽኔተር አሠራር

በአይጥ ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ የሚያገለግል የአንጎል ክፍል) ውስጥ ያሉትን የነርቭ ሴሎች በሙሉ ቆጥሮ መጨረስ አድካሚ ስለሆነ በናሙና መሥራት ግድ ይላል። ይሁን እንጂ በስስ ቁራጮች ላይ የታየውን ሁሉ መቁጠር ያሳስታል፤ ትልቅ ሴል ከትንሹ ይልቅ በብዙ ቁራጮች ላይ ስለሚያርፍ ተደጋግሞ ይቆጠራልና። እ.ኤ.አ. በ1984 የቀረበው፣ እያንዳንዱን ሴል አንዴ ብቻ ለመቁጠር የሚያስችለው የዳይሴክተር ዘዴ ይህን ችግር ፈታ፤ በ1991 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ዌስት፣ ስሎሚያንካና ጉንደርሰን ይህንኑ ዘዴ ድርሻው ከታወቀ ናሙና ጋር የሚያጣምረውን ኦፕቲካል ፍራክሽኔተርን በዚሁ የአይጥ ሂፖካምፐስ ላይ ሠሩበት።

በመጀመሪያ ሂፖካምፐሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ50 ማይክሮሜትር ውፍረት ቆርጠው፣ አንድም ሳይጥሉ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያውጡ፤ 4 ከወጣ 4ኛውን፣ 14ኛውን፣ 24ኛውን እያሉ እስከ መጨረሻው ይውሰዱ። ቀለም በደንብ የያዘውን ቁራጭ ብቻ እየመረጡ የሠሩትን ሥራ በኋላ የትኛውም ስሌት አያቃናውም።

በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በየ200 ማይክሮሜትሩ፣ ጎኑ 50 ማይክሮሜትር የሆነ መቁጠሪያ ካሬ ያሳርፉ። የካሬውን የግራ ወይም የታች መስመር የነካ ሴል አይቆጠርም፤ የቀኙን ወይም የላዩን ብቻ የነካ ግን ይቆጠራል። ከዚያም በዘይት በሚሠራው ሌንስ ከቁራጩ ገጽ ጥቂት ማይክሮሜትር ዝቅ ብለው ይጀምሩ፤ ቢላዋው ገጹ አካባቢ ሴሎችን ሊነቅል ስለሚችል ያ ክፍል አይታመንም። ከመነሻው 12 ማይክሮሜትር ወደ ታች ሲወርዱ ኒውክለሳቸው (የሴሉ እምብርት) ጠርቶ የሚታየውን ይቁጠሩ፤ ገና በመነሻው ላይ ጠርቶ የታየውን ይተዉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በውፍረቱ ላይ ነው። መቁረጫው 50 ቢልም ቁራጩ ሲደርቅና በአልኮል ሲያልፍ ከግማሽ በታች ሊሳሳ ይችላል፤ ስለዚህ በሚቆጥሩበት ቦታ ሁሉ ውፍረቱን እንደገና ይለኩ። ልኬቱ በአማካይ 20 ማይክሮሜትር ሆኖ 180 ሴሎች ቢቆጠሩ፣ 180 በ10 (የቁራጮቹ ድርሻ)፣ በ16 (የስፋቱ ድርሻ) እና በ20/12 (የውፍረቱ ድርሻ) ተባዝቶ 48,000 ሴሎች ይሆናል። በመቁረጫው ቁጥር ቢሰላ ግን 120,000 ይወጣ ነበር።

ለአንድ እንስሳ ከ100 እስከ 200 ሴሎች መቁጠር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከናሙናው የሚመጣው ልዩነት በእንስሳቱ መካከል ከሚታየው ጠቅላላ ልዩነት ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ጊዜዎን ተጨማሪ ሴል ከመቁጠር ይልቅ ተጨማሪ እንስሳት ላይ ያውሉት።