የሚንቀጠቀጥ ፍሬን፦ ዲስኩ ይላጥ ወይስ ይቀየር?

ችግሩ፦ ከጅማ ወጥቶ የጊቤን ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ሸራ ቢቀየርም አልተወውም።

የፊት ዲስኮቹ (ከጎማው ጋር የሚዞሩትና ሸራው የሚይዛቸው ክብ ብረቶች) ወደ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን ወደሚላጥበት፣ ከመሄዳቸው በፊት ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ 8 ቦታ ላይ በማይክሮሜትር ተለኩ። ተራ መለኪያ እዚህ ያሳስታል፤ ያልተበላው ጠርዝ ላይ ያርፍና ዲስኩን ወፍራም ያስመስለዋል። ዲስኮቹ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልኬቱ ከ21.20 እስከ 21.26 ሆነ። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይህች የ0.06 ልዩነት ናት! ከየፊቱ 0.15 ቢላጥ 20.9 ገደማ ስለሚቀር ሁለቱም ተላጡ።

ከተላጠ በኋላ 20.3 ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ መቀየሩ ይሻል ነበር፤ ቀሪው ቶሎ ያልቃል፣ ቀጭን ዲስክም ሙቀት አይችልም። እስከ ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ያለው ዲስክ ያለ ክርክር ይጣላል። ሰማያዊ ነጥብ ያወጣም እንዲሁ፦ ብረቱ እዚያ ቦታ ጠጥሯል፣ ቢላጥም እብጠቱ ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሞዞው፣ ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ክፍል፣ ነው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ካልጸዳ አዲስ ዲስክም ይወላገዳል፤ ተገጥሞ ሲዞር ውልግድናው ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የጎማው ዳዶዎች በሰያፍ፣ በእኩል ኃይል ይጠበቁ።