ሴሊያክ፦ ከምርመራው እስከ እንጀራው

ሴሊያክን፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሰውነት የራሱን ትንሽ አንጀት እንዲያጠቃ የሚያደርግበትን በሽታ፣ ጠርጥረው ከሆነ ለምርመራ ደም ሳይሰጡ ዳቦ አያቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስንዴና ገብስ ሲቀር ምርመራው የሚፈልጋቸው ፀረ እንግዳ አካላት (ሰውነት የሚሠራቸው የመከላከያ ፕሮቲኖች) ከደም ይቀንሳሉ፣ አንጀትም ማገገም ይጀምራል፣ ውጤቱም በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። አስቀድመው ካቆሙ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክረው በቀን ሁለት ቁራጭ ዳቦ ያህል ለ6–8 ሳምንት መብላት ሊያስፈልግ ይችላል።

የመጀመሪያው የደም ምርመራ ቲቲጂ አይጂኤ (tTG-IgA) ይባላል፤ አይጂኤ አንዱ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው። የአይጂኤ (IgA) ጠቅላላ መጠንም አብሮ ይለካ፤ እሱ በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው ታሞም ነጻ ሊባል ይችላል። ቲቲጂው ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ናሙና ይወሰዳል። ጉዳቱ እዚህም እዚያም ስለሚሆን አንድ ናሙና አይበቃም፤ ቢያንስ 4 ከዚሁ ቦታ ታችኛው በኩል፣ 1 ወይም 2 ከላይኛው በኩል ይወሰድ።

ከተረጋገጠ ዳቦ፣ በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎና ጠላ ለዕድሜ ልክ ይቀራሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እንጀራ ግን ሌላ ነገር ነው። ውጭ አገር የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። «ንጹሕ ጤፍ ነው» መባሉ ብቻ አያስተማምንም፦ እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ግሉተኑን ይዞ ይመጣል። ወፍጮውም እንዲሁ ነው፤ ስንዴ ከተፈጨ በኋላ የገባ ጤፍ፣ ሽሮም ሆነ በርበሬ የድንጋዩን ትርፍ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ቢቻል ጤፉን ለቅመው ቤት ይፍጩ፣ እርሾውን ከዜሮ ይጀምሩ፣ ምጣድ ይለዩ።

ቲቲጂው በ6 ወር ይደገም፣ ብረትና ቫይታሚን ዲም ይታዩ። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህትም ይመርመሩ።