የሕፃኑ ስም ጤና መድን ደብተሩ ላይ ከሌለ

አራዳ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የገጠመው ችግር ይህ ነው፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮው ተከፍሏል፣ ደብተሩም ታድሷል፤ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ግን «ልጁ እዚህ ላይ የለም፣ ክፈሉ» አለ።

አባልነቱ የቤተሰብ ቢሆንም የሚታከመው ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ከምዝገባ በኋላ የተወለደ ልጅ በራሱ አይጨመርም። በእድሳት ጊዜ ገንዘብ ብቻ ከፍሎ መውጣት ያው የድሮው ዝርዝር እንዲቀጥል ያደርጋል። እናቶች የታመመ ልጅ አዝለው የሚመለሱት በዚህ ነው፤ ያሳዝናል።

መፍትሔው ከልደት ምስክር ወረቀት ይጀምራል። ከወለዱበት ጤና ተቋም የተሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ሂዱ፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዚያ ምስክር ወረቀቱን ከነኮፒው፣ ዋናውን ደብተርና የልጁን ጉርድ ፎቶ ለወረዳው የጤና መድን ባለሙያ ስጡ። ስሙ ደብተሩ ላይም መዝገቡ ላይም መግባቱን ሳታዩ አትውጡ፤ አንዱ ከጎደለ ካርድ ክፍል ድጋሚ ይመልሳችኋል።

መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ልጁን ማስመዝገብ ግን ለእነሱም አይቀርም። ወደ ሆስፒታል ሲኬድ ደግሞ የጤና ጣቢያው ሪፈር ወረቀት አይረሳ።