የደን ጭልፊት በመራቢያ ወቅት የት ይውላል? ውሎውን ተከትሎ ካርታ ላይ የማውጣት ዘዴ

«የጭልፊት የመዋያ ክልል ስንት ሄክታር ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምመልስለት በጥያቄ ነው። የወንዱ ነው የሴቷ? እንቁላል ታቅፋ ሳለች ነው ወይስ ጫጩቶቹ ከጎጆ ከወጡ በኋላ? እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። ወንዱና ሴቷ አንድ ጎጆ ይጋራሉ እንጂ ለብዙ ሳምንታት ውሏቸው የተለያየ ነው። እሷ አንድ ዛፍ ላይ ስትውል እሱ ኪሎሜትሮችን አቋርጦ ያድናል። ስለዚህ ክትትላችሁን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በጎጆው ሁኔታ ከፋፍሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። የመዋያ ክልል ማለት እንስሳው ምግብ ለመፈለግ፣ ለመጣመርና ልጆቹን ለማሳደግ አዘውትሮ የሚመላለስበት ቦታ ነው። አንዴ ወጣ ብሎ ራቅ ያለ ቦታ ቢደርስ ያ አይቆጠርም። አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዊልያም በርት በ1943 ያስቀመጠው ትርጉም ይሄ ነው፤ ዛሬም ድረስ እንሠራበታለን። ግዛት ደግሞ ከዚያ ውስጥ ሌላ ጭልፊት እንዳይገባ የሚከላከልለት ክፍል ነው። የጎረቤታሞች ማደኛ ቦታ ሊደራረብ ይችላል፤ ጎጆው አካባቢ ግን ጎረቤት ዝም ተብሎ አይታለፍም።

የደን ጭልፊት ስል አጭርና ሰፊ ክንፍ፣ ረጅም ጅራት ያላቸውን፣ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዙ የሚበሩትን ማለቴ ነው። ትልቁ ጎስሃውክ ነው፤ ትንሹ ስፓሮውሃውክ፤ በሰሜን አሜሪካ በመሃላቸው የኩፐር ጭልፊት አለ። በሁሉም ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። በስፓሮውሃውክ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሴቷ የወንዱን እጥፍ ልትመዝን ትችላለች።

ጎጆውን ማግኘት

ሁሉም ነገር ከጎጆው ይጀምራል። ለዚህ ምርጡ ጊዜ እንቁላል ከመጣሉ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። ፀሐይ ሳትወጣ ደኑ ዳር ቁሙና አዳምጡ፤ ጥንዶቹ በንጋት ይጠራራሉ፣ ቀኑ ሲነሳ ግን ጸጥ ይላሉ። ረፈድ ሲል፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ከዛፎቹ አናት በላይ ከፍ ዝቅ እያሉ ሲበሩ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህን የምታዩት ከሩቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ በባይኖኩላር ነው። ደኑ ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

መሬት ላይ ያለውም ምልክት ብዙ ይናገራል። ከዛፉ ሥር የተረጨ ነጭ ኩስ፣ ያስመለሱት የላባና የአጥንት ድቡልቡል፣ የወደቀ ግንድ ወይም ጉቶ ላይ የተነጨ የወፍ ላባ። ወንዱ ግዳዩን ወደ ጎጆ ከማምጣቱ በፊት ላባውን የሚነጭበት የለመደ ቦታ አለውና እሱን ካገኛችሁ ጎጆው ሩቅ አይደለም። የጎስሃውክ ሴት ደግሞ እንቁላል ላይ ተቀምጣ ሳለች ነው ላባዋን መቀየር የምትጀምረው። ጎጆው አካባቢ የምታገኙትን ትልልቅ ላባ ሰብስባችሁ ቀኑን ጽፉበት። ከላባው በሚወሰድ ዲኤንኤ ዘንድሮ ያለችው ሴት የአምናዋ መሆኗንና አለመሆኗን ማወቅ ይቻላል፣ ያውም ማንንም ሳትነኩ።

የተቀዳ ድምፅ ማሰማትም ይሠራል፤ ግን ጊዜ አለው። ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ ሳሉ ለማስጠንቀቂያ ጩኸቱ ወላጆቹ ይመልሳሉ፤ ከጎጆ ከወጡ በኋላ ደግሞ ምግብ መጠየቂያውን ልቅሶ የመሰለ ድምፅ ስታሰሙ ልጆቹ ራሳቸው ይመልሳሉ። እንቁላል በሚታቀፍበት ጊዜ ግን ድምፅ ማሰማቱን ተዉት።

እንቁላል ላይ ስትቀመጥ ራቁ

ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ጎጆ በሰው ጉጉት ምክንያት ሲከሽፍ ማየት በጣም ስለሚያሳዝን ነው። ጎስሃውክ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 እንቁላል ትጥላለች፤ መታቀፉም ከአንድ ወር ትንሽ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ከተረበሸች ጎጆውን ትታ ልትሄድ ትችላለች። ባትሄድ እንኳ በተነሳችበት ደቂቃ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ቁራም ያየዋል። ፎቶ ለማንሳት መጠጋት፣ ዛፍ መውጣት፣ ድሮን ማስነሳት የለም። ወደ ጎጆው በተመላለሳችሁ ቁጥር የምትተዉት ዱካና ሽታም ለአዳኝ አውሬ መንገድ ሊጠቁም ይችላል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ምን ይሠራል? የወንዱን ምልልስ መመዝገብ። ጎጆው ያለበትን ደን ከሩቅ የሚያሳይ ከፍታ ምረጡ፤ ግማሽ ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ቢርቅ ደስ ይለኛል። ወንዱ በየት በኩል ወጣ፣ ስንት ሰዓት፣ በየት በኩል ተመለሰ፣ ምን ይዞ? ሁለት ሰዎች ሆናችሁ ሁለት ከፍታ ላይ ከተቀመጣችሁ አቅጣጫውን በደንብ ትይዙታላችሁ። የያዘው ግዳይም ፍንጭ ነው፤ ሽኮኮ ከሆነ ከደን ውስጥ፣ ርግብ ከሆነ ምናልባት ከእርሻ ወይም ከመንደር። ይህ ዘዴ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ድክመቱ ወፉ ከዓይን ከራቀ በኋላ የት እንደደረሰ አለማሳየቱ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ብቻ ተነስታችሁ የክልሉን ስፋት አትጻፉ።

መሣሪያ ማሰር

ስፋቱን በቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ አስተላላፊ መሣሪያ ማሰር ግድ ነው። ይህ ፈቃድና ሥልጠና ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ፈቃድ ከሌላችሁ ካለው ሰው ጋር ሥሩ። የሚያዙትም እንቁላል ላይ ሳሉ ወይም ጫጩቶቹ ገና ሲፈለፈሉ አይደለም።

ክብደቱን በቁጥር አስቡት። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሚይዙት ልክ መሣሪያው ከወፉ ክብደት 3 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 700 ግራም የሚመዝን ወንድ ጎስሃውክ 21 ግራም ይሸከማል። 150 ግራም የሆነ ወንድ ስፓሮውሃውክ ግን 4.5 ግራም ብቻ ነው የሚችለው፤ ማሰሪያውም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ቤተሰቡን በሙሉ የሚመግበው እሱ ስለሆነ ትንሽ ጭነት እንኳ ጫጩት ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እኔ ከተፈቀደው በታች ያለውን እመርጣለሁ።

ጅራት ላባ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ላባው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ለወፉ መልካም ነው። ግን ሴቷ በዚሁ ወቅት ላባ ስለምትቀይር በክትትሉ መሃል ልታጡት ትችላላችሁ። እንደ ጀርባ ቦርሳ የሚታሰረው ይቆያል፤ ሆኖም አንድ ቀን በራሱ ተቆርጦ የሚወድቅ ደካማ መገጣጠሚያ ይኑረው።

ጂፒኤስ ከሆነ ስንት ሰዓት ላይ ነጥብ (ወፉ በዚያ ሰዓት ያለበትን ቦታ) እንደሚመዘግብ ቀድማችሁ ወስኑ። የደን ጭልፊት አደኑ በአብዛኛው አጭር አጭር በረራ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል። በየ4 ሰዓቱ አንዴ የተመዘገቡ ነጥቦችን በመስመር ብታገናኙ የሄደበትን መንገድ ሳይሆን ሄዶበት የማያውቀውን ትስላላችሁ። ለክልሉ ስፋት በቀን ጥቂት ነጥብ ይበቃል። ለአደን ስልቱ ግን አንዳንድ ቀን መርጣችሁ በየጥቂት ደቂቃው አስመዝግቡ።

መሣሪያው የሬዲዮ ምልክት ብቻ የሚልክ ከሆነ ወፉን የምታገኙት ምልክቱ የሚመጣበትን አቅጣጫ በአንቴና እየለካችሁ ነው። ከሦስት ቦታ ለኩ፤ መስመሮቹም በሰፊ ማዕዘን ይገናኙ፣ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጉ ስህተቱ ይቀንሳል። በ5 ዲግሪ ብትስቱ በ1 ኪሎሜትር ርቀት ወደ 87 ሜትር፣ በ3 ኪሎሜትር ደግሞ ወደ 260 ሜትር ትስታላችሁ። ገደል ምልክቱን እየመለሰ ያሳስታል፤ ሸለቆ ውስጥ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል፣ ኮረብታ ላይ ስትወጡ ግን ከሩቅ ይመጣል። ሦስቱን ልኬት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ፤ ወፉ እናንተን አይጠብቅም። ሥራችሁን የምትፈትሹት ቦታውን የምታውቁት መሣሪያ ደኑ ውስጥ ሰቅላችሁ፣ ቦታውን የማያውቅ ጓደኛ እንዲለካ በማድረግ ነው።

ወቅቱን በደረጃ መከፋፈል

እንቁላል ሲታቀፍ የሴቷ ክልል ጎጆውና በዙሪያው ያሉ ዛፎች ናቸው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ወንዱ ምግብ ያመጣል፣ እሷ ወጣ ብላ ትቀበለዋለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገደማ እሷ ታሞቃቸዋለች፣ ሥጋውን እየቦጨቀች ታጎርሳቸዋለች። የወንዱ ሥራ የሚከብደው ያኔ ነው። ጫጩቶቹ ሲጎረምሱ እሷም ማደን ትጀምራለች፤ ነጥቦቿም በካርታው ላይ ድንገት ይዘረጋሉ። የጠቅላላ ወቅቱን ነጥብ አንድ ላይ ብትጨፈልቁት ይሄ ለውጥ ይጠፋል፤ የሁለት የተለያየ ኑሮ አማካይ ብቻ ይቀራችኋል።

የጎስሃውክ ጫጩቶች በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ገደማ ከጎጆ ይወጣሉ። ወጡ ማለት ግን ቻሉ ማለት አይደለም። የክንፍና የጅራት ላባቸው እስኪጠነክር ለተጨማሪ ሳምንታት በአቅራቢያው ይቆያሉ፣ ወላጆቻቸው ይመግቧቸዋል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን እንድትቆዩ እለምናችኋለሁ፤ ልጆቹ የሚሸሸጉበትን ጥቅጥቅ ያለ ደን ካላወቅን ጎጆው ያለበትን ዛፍ ብቻ አስቀርተን ዙሪያውን እንቆርጠዋለን።

በ1992 ለዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምዕራብ ደኖች የወጣው የጎስሃውክ አያያዝ መመሪያ የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው። የአንድ ጥንድን ክልል ወደ 2,400 ሄክታር ገምቶ በሦስት ከፈለው፤ እያንዳንዱ ጎጆ ያለበት ቦታ 12 ሄክታር ገደማ፣ ልጆቹ ከጎጆ ወጥተው የሚቆዩበት 170 ሄክታር ገደማ፣ የቀረው ማደኛ። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሌላ አገር ደን ገልብጣችሁ አትውሰዱ። ግዳይ በበዛበት ክልሉ ይጠባል፣ ባነሰበት ይሰፋል። እንደ በርሊን ባሉ ከተሞች ጎስሃውኮች በመናፈሻ ውስጥ ይራባሉ፤ ርግቡ እዚያው አለላቸው።

ከነጥብ ወደ ካርታ

ለአንድ ወፍ በአንድ ወቅት ቢያንስ 30 ነጥብ ያዙ፤ 50 ቢሆን ይሻላል። ነጥቦቹ በቀኑ ሰዓታት ሁሉ ይሰራጩ። ለእናንተ ስለሚመች ብቻ ጠዋት ጠዋት ከለካችሁ የጭልፊቱን ጠዋት እንጂ ውሎውን አላወቃችሁም።

ቀላሉ ዘዴ የዳር ዳር ነጥቦችን በመስመር አገናኝቶ የሚያጥረው ነው። ከድሮ ጥናቶች ጋር ለማወዳደር ይጠቅማል፤ ግን አንድ ነጥብ ያበላሸዋል። ክልሉ በአንድ በኩል 2 ኪሎሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ወንዱ አንድ ቀን ከዚያ ጠርዝ 6 ኪሎሜትር ርቆ ሄደ። ያቺ አንድ ነጥብ ብቻዋን 600 ሄክታር ትጨምራለች፤ አብዛኛውን ረግጦት አያውቅም። ከርነል የሚባለው ዘዴ ግን ነጥቦች የት እንደሚጠጋጉ ያያል። ከውሎው 95 በመቶውን የሚይዘው መስመር ጠቅላላ ክልሉን፣ 50 በመቶውን የሚይዘው ደግሞ አዘውትሮ የሚውልበትን እምብርት ያሳያል። በከርነል ነጥቦቹን ምን ያህል እንደሚያለሰልስ የሚወስነው ቁጥር ሲቀየር መልሱም ስለሚቀየር የተጠቀማችሁበትን ጻፉ። አር (R፣ የስታቲስቲክስ) እና ኪውጂአይኤስ (QGIS፣ የካርታ) የተባሉት ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ለዚህ ሁሉ ይበቃሉ።

አንድ ፈተና አትዝለሉ። ነጥብ ስትጨምሩ ስፋቱ እንዴት እንደሚያድግ በግራፍ ሳሉ። መስመሩ ገና ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ክትትላችሁ አልበቃም፤ ሲተኛ ብቻ ቁጥሩን ጻፉ። ካርታው ሥርም ጾታው፣ ቀኖቹ፣ የጎጆው ደረጃ፣ የነጥቡ ብዛትና ዘዴው ይኑሩ። የጎጆውን ትክክለኛ ቦታ ግን ይፋ አታድርጉ፤ እንቁላልና ጫጩት የሚሰርቁ፣ ለርግቦቻቸው ብለው ጭልፊት የሚገድሉ ሰዎች አሉ።

ልጆቹ ተበታትነው ደኑ ጸጥ ሲል ወደ ጎጆው ሄዳችሁ ዛፉን ለኩ፣ የቀረውን አጥንትና ላባ ሰብስቡ፣ በዙሪያው ያሉትን የቆዩ ጎጆዎች በሙሉ መዝግቡ። ጥንዶቹ በአንድ ደን ውስጥ ብዙ ጎጆ ሊኖራቸውና በየዓመቱ ሊቀያይሩ ይችላሉ። በሚቀጥለው ዓመት የዘንድሮው ጎጆ ባዶ ቢሆን «ጠፍተዋል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የመዘገባችኋቸውን አንድ በአንድ አዳርሱ፣ ከዚያም በጥቂት መቶ ሜትር ዙሪያ ያለውን ደን ፈልጉ።