ልጃችሁ የኮሌጅ ኳርተርባክ ሊሆን ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ የሃይስኩል ኳርተርባክ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ እህቴ ስልኳን አምጥታ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ልጁን ለቡድኑ ፈልጎ የላከላትን መልእክት አሳየችኝ። «አንተ ይሄን ጨዋታ ታውቀዋለህ፣ እስኪ ምን ልበለው?» አለችኝ። አቦል ላይ የጀመርነው ወሬ በረካ ላይም አላለቀም። ይሄው ጥያቄ ያለባችሁ ሌሎች ወላጆችም እንዳላችሁ ስለማውቅ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ከመሃል ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስነው ልጅ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ እየተፈራረቀም ይገባል። ኳርተርባክ ግን ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ወይ ይጫወታል፣ ወይ ዳር ቆሞ ያያል። ብዙው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ኮሌጅን በስሙ መምረጥ ነው። ትልቅ ስም ሲጠራ ደስ ይላል፣ ዘመድ አዝማዱም ያውቀዋል። ግን መጠየቅ ያለበት «ከልጄ ፊት ስንት ኳርተርባክ አለ? ስንተኛ ዓመታቸው ነው?» ተብሎ ነው። ጆ በሮውን ተመልከቱ። ያደገው ኦሃዮ ነው፣ በ2015 የገባውም እዚያው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር ተቀመጠ። በ2017 እጁ ተሰበረና ሁለተኛነቱንም ሌላ ልጅ ወሰደበት። በ2018 ዲግሪውን ይዞ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ሄደ። በ2019 የውድድር ዘመን 60 የታችዳውን ኳስ ወረወረ (ታችዳውን ማለት ኳሱን ሜዳው መጨረሻ ላይ ካለው ክልል አድርሶ ነጥብ ማግኘት ነው)፣ በውርወራ 5,671 ያርድ አስመዘገበ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)፣ ቡድኑ 15 ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ፣ እሱም ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት፣ ሃይስማንን፣ ወሰደ። ያው ልጅ ነው እኮ! ኦሃዮ እያለም ይችል ነበር፤ ከፊቱ ሰው ስለነበረ ግን ማንም አላየውም።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ልጁ በተቀመጠ ማግስት ሻንጣ ማዘጋጀት። እኔ በጣም የምፈራው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም አሁን መሄድ ቀላል ሆኗል። ድሮ ኮሌጅ የቀየረ ልጅ በአብዛኛው አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በ2021 ለመጀመሪያ ዝውውር ይሄ ቀረ፣ በ2024 ደግሞ ገደቡ ጭራሽ ተነሳ። ልጁ ትራንስፈር ፖርታል በሚባለው መዝገብ ስሙን ያስገባል፣ ሌሎች ኮሌጆች ያናግሩታል፣ በቃ። ወላጆች የማያውቁት ግን ስሙ አንዴ ከገባ የነበረበት ኮሌጅ ስኮላርሺፑን ሊያነሳው እንደሚችል ነው። የተማራቸው ኮርሶችም አዲሱ ቦታ ላይ ሁሉም ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ፖርታል ገብቶ ማንም ሳይደውልለት የቀረ ልጅ ብዙ ነው።

የጄለን ኸርትስን ታሪክ ለእህቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አራተኛም እነግረዋለሁ። ኸርትስ በ18 ዓመቱ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ኳርተርባክ ሆነ። በሁለት ዓመት በቋሚነት ከጀመራቸው 28 ጨዋታዎች ቡድኑ የተሸነፈው 2 ብቻ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2018፣ አትላንታ፣ የዋንጫ ጨዋታ ከጆርጂያ ጋር። እረፍት ላይ 13 ለ 0 እየተመሩ ነው። አሰልጣኙ አስቀመጠውና ቱዋ ታጎቫይሎአ የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አስገባ። ያ ልጅ በተጨማሪ ሰዓት 41 ያርድ ወርውሮ ዋንጫውን አመጣ። ኸርትስ በአገር ሙሉ ሕዝብ ፊት ቦታውን ካጣ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ገብቶ ጨፈረ። ከዚያም አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ ሁለተኛ ሆኖ ልምምዱን ሠራ። ዲሴምበር 1 ቀን፣ እዚያው ስታዲየም፣ እዚያው ጆርጂያ። ቱዋ ተጎዳ፣ ቡድኑ 28 ለ 21 እየተመራ ነው። ኸርትስ ገባ። አንድ ታችዳውን ወረወረ፣ ሌላውን ራሱ ሮጦ ገባ፣ 35 ለ 28። እኔ ያን ቀን ሶፋው ላይ እንባዬ መጥቷል።

እሱም በኋላ ሄዷል፤ በ2019 ኦክላሆማ ገባ፣ ለሃይስማንም ከጆ በሮው ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ስለዚህ መሄድ በራሱ ጥፋት አይደለም። ግን ሁለቱም ልጆች የሄዱት ዲግሪያቸውን ጨርሰው ነው። ተናደው አልሄዱም፣ የሚያስፈልጋቸውን ይዘው ነው የወጡት።

ትምህርቱን ነገሬ አለማለት ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ከ100 የኮሌጅ ተጫዋች ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) የሚደርሰው 2 እንኳ አይሞላም። የሐበሻ ወላጅ ስለ ትምህርት መቼም አይመከርም፣ ይሄን ለእናንተ አላበዛውም።

ገንዘቡ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል፣ ከ2025 ወዲህም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው መክፈል ይችላሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው ታክስ ሳይቆረጥበት ነው የሚመጣው። ልጁ መኪና ገዝቶበት ኤፕሪል ሲደርስ የታክስ ዕዳ ይመጣል። ከዚህ የሚብሰው ሳያነቡ መፈረም ነው። በ2022 አንድ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተከላካይ ከአንድ ድርጅት 436,485 ዶላር ወሰደ። በምትኩ ኤንኤፍኤል ከገባ ለ25 ዓመት ከገቢው 15 በመቶውን፣ ያውም ታክስ ሳይነሳ፣ ሊሰጥ ፈረመ። በኋላ ፍርድ ቤት ሄደ። ወረቀት ሲመጣ ካመጣው ወኪል ጋር የማይተዋወቅ፣ የራሳችሁ ጠበቃ ያንብበው። ልጁ ያለው በተማሪ ቪዛ ከሆነ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታዩ ምንም አትፈርሙ፤ ኤፍ ዋን የሚባለው የተማሪ ቪዛ ሥራን በጥብቅ ይገድባል።

ስለ ጭንቅላት ጉዳት አጭር ነው የምለው። ልጁ ከተመታ በኋላ ብርሃን ካስቸገረው ወይ ወሬ ካምታታ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም አትመኑት። ቦታዬን እነጠቃለሁ ብሎ ይደብቃል። ለሐኪሙ እናንተ ንገሩ።

ሌላው ልጁን በድራፍት ቁጥር፣ ማለትም የኤንኤፍኤል ቡድኖች ተራ በተራ ከኮሌጅ ሲመርጡ ስንተኛ ተጠራ በሚለው፣ መመዘን ነው። ጃማርከስ ራስል በ2007 አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ አበቃ። ቶም ብሬዲ በ2000 ከሚሺጋን ሲወጣ 199ኛ ነበር፣ ሰባት ሱፐር ቦል (የኤንኤፍኤልን ዋንጫ) ወሰደ። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከሁሉም መጨረሻ፣ 262ኛ ተመረጠና ቋሚ ሆነ። ያ ኸርትስም በ2020 ጆ በሮው አንደኛ ሲጠራ 53ኛ ነበር፤ በ2025 ሱፐር ቦልን 40 ለ 22 አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

እህቴ ያን ማታ ለአሰልጣኙ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጽፋ ላከች። ከልጄ ፊት ስንት ኳርተርባክ አለ? ቢጎዳ ስኮላርሺፑ ይቀጥላል ወይ? መልሱን እየጠበቅን ነው።