ያልተቀበላችሁትን ብር ተቀበልኩ ብላችሁ አትፈርሙ

ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤቴ ሰሞኑን አንድ የብድር ወረቀት ይዛ መጣች። 80 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ ይላል፣ ከሥሩ ፊርማዋና የሁለት ምስክሮች ስም አለ። እጇ የገባው ግን 50 ሺህ ነው። ቀሪው 30 ሺህ በወር 10 በመቶ ታስቦ የስድስት ወር ወለድ ነው፣ ከዋናው ጋር ተደምሮ ተጽፏል። "ወለድ የሚል ቃል እኮ የለውም" አለችኝ። ችግሩ እሱ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2479 ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። ለ50 ሺህ ብር የስድስት ወሩ 3 ሺህ ብቻ ነው፣ እሷ የተጠየቀችው አሥር እጥፍ! የሰውን ችግር አይቶ በአራጣ ማበደር ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስከስሳል። ግን ዳኛው ፊት የሚቀርበው ወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ 80 ሺህ ነው የሚለው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን አድርጉ። ብሩ በባንክ ሒሳባችሁ ይግባ። "በካሽ ካልሆነ" የሚል አበዳሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ውሉ ላይ ዋናውና ወለዱ ለየብቻ ይጻፍ፣ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር። ስትመልሱም በባንክ መልሱ፣ ምክንያቱ ላይ "የብድር ክፍያ" ብላችሁ ጻፉ። በእጅ ከሰጣችሁ ሳታስፈርሙ አትነሱ፣ ዘመድም ቢሆን።

ባዶ ቼክ ፈርማችሁ አትስጡ። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ቼኩ ላይ የፈለገውን ቁጥር ሞልቶ ባንክ ይሄድና ሒሳቡ በቂ ገንዘብ የለውም ሲባል የብድር ክርክሩ ቀርቶ እናንተ ደረቅ ቼክ በመጻፍ ወንጀል ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ቤትም እንደዚያው። ካልከፈላችሁ አበዳሪው ቤቱን በራሱ እንዲወስድ የሚፈቅድ የመያዣ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3060 ዋጋ የለውም። ይሄን ስለሚያውቁ ነው አንዳንዶቹ ብድሩን የቤት ሽያጭ አስመስለው የሚያስፈርሙት። ቤት ካልሸጣችሁ የሽያጭ ውል አትፈርሙ።

ዋስ ሁን ከተባላችሁ ደግሞ እስከ ስንት ብር እንደሆነ ይጻፍ። ጣሪያው ያልተጻፈ የዋስትና ውል በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1922 አይጸናም።

አበዳሪው ድርጅት ከሆነ ፈቃዱን ጠይቁ። ማይክሮ ፋይናንስ ፈቃድ የሚያገኘው ከብሔራዊ ባንክ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራትን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም (አብቁተ) በ2014 ጸደይ ባንክ ሆኗል፣ በድሮው ስም ብድር እናስጨርስላችኋለን የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት።

ባንክና ማይክሮ ፋይናንስ በ12 በመቶው አይታሰሩም፣ ወለዳቸውን የሚወስነው ቦርዳቸው ነው። እዚህ ጋ የሚጠየቀው ጥያቄ "ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?" የሚለው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ 60 ሺህ ብር በ18 በመቶ ለአንድ ዓመት የተበደረ ልጅ፣ በመጀመሪያው ብር ከታሰበበት 10,800 ብር ወለድ ይከፍላል። ዋናውን በየወሩ እኩል እየመለሰ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበለት ግን 5,850 ነው። የተነገረው በመቶኛ አንድ ነው፣ የሚከፈለው ግን እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። የአገልግሎት ክፍያና የመዘግየት ቅጣቱንም ደምሩና በብር ስንት እንደሆነ በወረቀት አሳዩኝ በሉ።

ከተበደላችሁ ለተቋሙ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ካልመለሱላችሁ ያንኑ ቅጂ ይዛችሁ ወደ ብሔራዊ ባንክ ሂዱ። ለማኅበር ከሆነ ወደ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት። ለአራጣ ግን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው፣ ከዚያ በፊት ሌላ ወረቀት አትፈርሙ፣ "እናድሰው" ቢሏችሁም።

የጎረቤቴን ስልክ አብረን ስናገላብጥ ብሩን በተቀበለችበት ቀን አበዳሪው "50ው ተሟልቷል አይደል?" ብሎ የላከላት መልእክት ተገኘ። ልታጠፋው ነበር። እንዳትነኪው አልኳት፣ ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ይዘነው እንሄዳለን።