የስድብ ቃል ፍቺና አመጣጥ እንዴት ይመረመራል? «ደንቆሮ» እንደ ማሳያ

ሞኝነትን ወይም አላዋቂነትን ለመንቀፍ የሚነገር ስድብ ከየት እንደ መጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ቃሉ ከምን ጋር በድምፅ እንደሚመሳሰል ከመገመቱ በፊት ግሡን መፈለግ ይኖርበታል። «ደንቆሮ» የሚለው ስድብ «ደነቆረ» ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የግሡ ፍቺ ጆሮው መስማት ተሳነው ማለት ነው፤ ጩኸት ያስመረረው ሰው «አደነቆራችሁኝ» የሚለውም ከዚሁ ነው። ለዚህ ፍለጋ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት እጅግ ይረዳል፤ ከግሥ የወጡ ቃላትን ከግሣቸው ሥር ስለሚያሰፍር ዝምድናቸው ወዲያው ይታያል።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በቆየ ጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ማየት ያስፈልጋል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማርቆስ 7፥32 «ደንቆሮ» የተባለው መስማት የማይችል ሰው ነው፤ በማቴዎስ 5፥22 ግን ያው ቃል ወንድምን የሚያዋርድ፣ ከባድ ፍርድ የሚያስከትል ስድብ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን መኖራቸው፣ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ነጥሎ መፍታት ስሕተት እንደሚያመጣ ያሳያል። «ድንቁርና» ግን ከዚህም ርቆ ሄዷል፤ ዛሬ ይህን ቃል ሰምቶ ስለ ጆሮ የሚያስብ የለም፣ ሁሉም የሚረዳው አለመማርን ነው። ትምህርት በአብዛኛው በቃል ይሰጥ በነበረበት ዘመን አለመስማትና አለማወቅ እንደ አንድ መታየታቸው ለዚህ ሽግግር መንገድ የከፈተ ይመስለኛል።

በዘመን ብዛት የተለወጠ ፍቺ መርማሪውን በቀላሉ ያሳስታል። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን የመዝሙር ቃል የሚያነብ የዛሬ ሰው ሥራ የማይወድ ሰው ይታየዋል፤ የግእዙ ንባብ ግን «አብድ» ስለሚል የተነቀፈው ማስተዋል የጎደለው ሰው ነው። ይኸው የግእዝ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ «እብድ» ሆኖ የአእምሮ ሕመምን ወደ ማመልከት ዞሯል። ስለዚህ ግእዙን ሳያመሳክሩ ብያኔ መስጠት አይገባም።

የተገኘውን ውጤት ሲጽፉ ሁለቱንም ፍቺዎች በየተራቸው ማስፈር፣ ስድቡንም ስድብ ብሎ በግልጽ መሰየም ተገቢ ነው። ቃሉ ለማንም ቢወረወር የሚያቆስለው መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ጭምር ነውና፣ ስለ እነርሱ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ «መስማት የተሳነው» የሚለው ይጻፍ፤ «ደንቆሮ» የሚለው በጥቅስና በታሪካዊ ማብራሪያ ውስጥ ብቻ ይወሰን።